ጣቢያ ውስጥ ያለው ሰው

የምንተስኖትን ስም ያጠፋው አንድ ቃል ነው፤ ኮከብ ቆጣሪ። ቃሉን ማን እንደጀመረው አይታወቅም። እንዲህ ዓይነት ቃል ጀማሪ የለውም፤ ተቀባይ ግን ሞልቶታል። መጀመሪያ የስማዳዋ ከተማ የወገዳ ሰው ተቀበለው፤ ከዚያ ከስማዳ ወደ ጋይንት ተሻገረ፤ በመጨረሻ እዚያው ጋይንት ውስጥ ቤተ ልሔም ደርሶ ከመሪጌታ ቢሻው ጆሮ ገባ። መሪጌታ ቢሻው ድጓ ያስተምራሉ። አንዲት ድምፅ ከቦታዋ ስትዛነፍ የሚያማቸው ሰው ናቸው። ለዚህ ታሪክ ግን ዋናው ነገር የእድላዊት አባት መሆናቸው ነው።

እውነቱ እንዲህ ነው። ምንተስኖት ወገዳ ፊዚክስ ያስተምራል። ከበላያችን ምድርን ሲዞር የሚውል የሚያድር፣ ሰው የሚኖርበት የጠፈር ጣቢያ አለ። ፀሐይ ጠልቃ እኛ ዘንድ ሲጨልም እሱ ከፍታ ላይ ስለሆነ ብርሃኗ ገና ያገኘዋል። ስለዚህ እንደ ደማቅ ኮከብ ሆኖ፣ ሳይርገበገብ፣ ከአንዱ አድማስ ይነሣና ሰማዩን ያቋርጣል፤ የምድር ጥላ ውስጥ ሲገባ ቀስ ብሎ ይከስማል። እሱን ለማየት መነጽርም ማማም አያስፈልግም፤ ደጅ መውጣት ይበቃል። መቼና በየት በኩል እንደሚያልፍ ስልክ ላይ የሚጫን መተግበሪያ ይናገራል። የምንተስኖት ኃጢአት መተግበሪያውን አይቶ ለተማሪዎቹ «ነገ ማታ በዚያ ተራራ በኩል ይወጣል» ማለቱ ነው። እንዳለውም ወጣ። ተማሪዎቹ ለወላጆቻቸው አወሩ።

ከዚያ አንዲት በቅሎ የጠፋባት ሴት መጣች።

«የኔ ልጅ፣ በቅሎዬ በየት ሄደች?»

«እኔ ምን አውቄ፣ እናቴ?»

«የሰማዩን እያወቅህ የምድሩን ታጣዋለህ? ድሃ መሆኔን አይተህ ነው?»

አላውቅም ቢላት አትሰማም፤ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እየመጣች ትቀመጣለች። በመጨረሻ ሰለቸውና ለቀልድ «እስቴ ሄደው ይፈልጓት» አላት። ሄደች። በቅሎዋ እስቴ ገበያ ላይ ተገኘች። ከዚያ በኋላ ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው ወገዳ ውስጥ አልነበረም፤ ኮከብ ቆጣሪ ብቻ ነበር። እኔ በዚህ ለምንተስኖትም አላዝንለትም። አገሩን የሚያውቅ ሰው፣ አገሩ ቀልድን እንዴት አድርጎ እንደሚያምን ማወቅ ነበረበት።

እድላዊትና እሱ የተዋወቁት ደብረ ታቦር፣ በመምህራን የክረምት ትምህርት ነው። ክረምቱ ሲያበቃ እሱ ወደ ወገዳ፣ እሷ በተወለደችበት በቤተ ልሔም ወደምታስተምርበት ትምህርት ቤት ተመለሱ። በመካከላቸው ያለውን መንገድ የማያውቅ አንባቢ ካርታ ዘርግቶ ቅርብ ነው ይል ይሆናል። ካርታው ላይ ገደሉ አይታይም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ሄዶ የሚቆመው መኪናም አይታይም።

ስለዚህ ማታ ማታ ይደውልላታል። ስልኩ የሚሠራው ከቤታቸው ጀርባ ካለው ካብ አጠገብ ብቻ ነው። ነጠላዋን ተከናንባ ካቡን ተደግፋ ትቆማለች።

«ከጥዶቹ በላይ ተመልከች» ይላታል።

«ምንም የለም።»

«ታገሺ።»

«ቀጥረህ የምትቀር ወንድ ነህ ብዬ ለእናቴ እነግራለሁ… መጣ። መጣ፣ ምንቴ።»

«እኔም አየሁት።»

ከዚያ ሁለቱም በዓይናቸው ይከተሉታል። ብርሃኑ ጥዶቹን ትቶ፣ ከፍ ብሎ፣ ወደ ስማዳ በኩል ይሄዳል። መንገድ ያላገናኛቸው ዓይኖች እዚያ ላይ ይገናኛሉ። እሷ ሁልጊዜ የሚከስምበትን ቦታ ለይታ ታያለች። ብርሃኑ ጠፋ ብላ ግን አታዝንም።

በጥቅምት ሽማግሌ ተላከ። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ከስማዳ ድረስ መጥተው ቆሙ። መሪጌታ አስቀመጧቸው፤ አበሏቸው፤ አጠጧቸው። ከዚያ እንዲህ አሉ።

«ልጁ ጨዋ ነው ይሉኛል። አባቱን አያሌውን በስም አውቀዋለሁ፤ ቤተ ሰቡ የሚነቀፍ አይደለም። ለኮከብ ቆጣሪ ግን ልጄን አልሰጥም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከሦስቱ አንዱ እንኳ «መሪጌታ፣ ልጁ አስተማሪ ነው» አላለም። ለምን አላለም? በልቡ እሱም ኮከብ ቆጣሪ ነው ብሎ ስለሚያምን ነዋ። የመጣው ለመለመን ነው፤ የሚለምንለትን ሰው ግን ማን መሆኑን አልጠየቀም። እንዲህ ያለው ሽማግሌ ቤቱ ቢቀመጥ ይሻል ነበር።

ሲሄዱ እድላዊት ከጓዳ ወጣች።

«አባ፣ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል በምን ያውቃሉ?»

«በባሕረ ሐሳብ።»

«ትንቢት ነው?»

«ሒሳብ ነው። ወዴት ልትወስጂኝ ነው?»

«የእሱም ሒሳብ ነው።»

መሪጌታ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት። ክርክር ይወዳሉ፤ የሚከራከራቸው ሰው ግን ብዙ የለም።

«እኔ የምቆጥረው ጾምና በዓል ነው» አሉ። «እሱ የሚቆጥረው የሰው በቅሎ ነው።»

ከጓዳ እናቷ ወይዘሮ ዘነበች ሳቃቸውን በነጠላቸው አፈኑ። እድላዊት አልሳቀችም።

«ያለ እርስዎ ምርቃት አላገባውም፤ እንጥፋ ብሎኝ እምቢ ብየዋለሁ። ሌላ ሰውም ግን አላገባም። ይህን ይወቁልኝ።»

«እና ምን ልትሆኚ ነው?»

«እዚሁ አጠገብዎ አረጃለሁ።»

 ያቺ ካብ አጠገብ የምትቆም ልጅ እየሸበተች ታየቻቸው፤ ያን ማታ ምግቡ አልጣማቸውም። ቃላቸውን ግን አላነሡም። በኅዳር ሚካኤል ዕለትም ጨመሩበት። ከወገዳ የመጡ ሹማምንት በተቀመጡበት፣ በሕዝብ ፊት፣ «አስተማሪ ተብሎ ኮከብ የሚቆጥር ሰው አለ። ልጆቻችን እሱ ፊት ተቀምጠዋል። መንግሥት እያየ ዝም ይላል?» ብለው ተናገሩ። ስም አልጠሩም። መጥራትም አላስፈለጋቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው፣ አንድ ማታ፣ ጥጃ ሊያስሩ ከቤቱ ጀርባ ሲዞሩ የልጃቸውን ድምፅ የሰሙት። ከካቡ ወዲያ ቆማ በስልክ ታወራለች። ጆሮ መጣል ልማዳቸው አልነበረም፤ የመጀመሪያው ቃል ግን እግራቸውን ያዘው።

«ጣቢያ ውስጥ አሁን ስንት ናቸው?»

የሚመልሰው አይሰማም።

«ሰባት? በዚያች ጠባብ ቤት?»

ታዳምጣለች።

«ስድስት ወር ሙሉ? ቤተሰብ እንኳ ሳይጠይቃቸው?… ታስረው ነው የሚተኙት? ግድግዳ ላይ?»

መሪጌታ የጥጃውን ገመድ ለቀቁት።

«ሽንታቸውን? አጣርተው ይጠጡታል? ኧረ ተው፣ አታቅለሽልሸኝ… እሺ። አንተ ግን ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርብ። ነገ ትወጣለህ አይደል?… ካልወጣህ እኔም ቤት ውስጥ ነኝ፤ ብቻዬን ምን ላደርግ እወጣለሁ?»

አንባቢ ሆይ፣ መሪጌታ ላይ እንዳትስቅ። በአገራችን «ጣቢያ» የሚለው ቃል ብቻውን ሲቆም ትርጉሙ አንድ ነው። ለሕክምና ከሆነ ጤና ጣቢያ ይባላል፤ ለወሬ ከሆነ ሬዲዮ ጣቢያ። «እገሌ ጣቢያ ነው» ከተባለ ግን ሬዲዮ ሊያዳምጥ ሄዶ ነው የሚል ሰው አላየሁም። የሰማዩን ቤት በዚህ ስም የጠራው ተርጓሚ አንድ ቀን ጋይንት ገበያ መካከል ቆሞ ቃሉን ጮክ ብሎ ቢለው ኖሮ፣ ሰው ሁሉ ወዴት ዞሮ እንደሚያይ ያውቅ ነበር።

መሪጌታ ጨለማው ውስጥ ቆመው ነገሩን አገጣጠሙት። በኅዳር ሚካኤል ተናገሩ። ሹማምንቱ ሰሙ። ልጁ ታሰረ። ስልክ የፈቀደለትን ዘበኛ እግዜር ይስጠው። ልጃቸው አባቴ አሳሰሩብኝ ብላ አላለቀሰችም፤ ምንም አላለቻቸውም። ይህ ከልቅሶ ሁሉ ባሰባቸው።

ሲነጋ ወይዘሮ ዘነበችን ጠሩ።

«ስንቅ ቋጥሪ።»

«ለማን?»

«ለመንገደኛ።»

«መንገደኛው ማነው?»

«ለጊዜው እኔ ነኝ።»

ወይዘሮ ዘነበች ሠላሳ ዓመት ያወቋቸውን ሰው አዩና ዳቦና በሶ ቋጠሩ። መሪጌታ መታወቂያቸውን ደረት ኪሳቸው ከተቱ፤ ወደ መኪናው መንገድ ወረዱ። ገብሱ ታጭዶ ነዶው በየማሳው ተከምሯል። ሰው ሲያገኛቸው ሰላምታ ይሰጣል፤ እሳቸው ግን የሚያስቡት ስለ አንዲት የማትጠጣ ውሃ ነበር። ወገዳ እንደወረዱ መጀመሪያ ያደረጉት ከሱቅ የታሸገ ውሃ መግዛት ነው።

ጣቢያው ውስጥ ሳጅን ደስታ የሚባል ሰው ከጠረጴዛ ኋላ ተቀምጧል። ግድግዳውን ተደግፈው አግዳሚ ላይ ባለጉዳዮች ተራ ይጠብቃሉ። ነጭ ጥምጥም ያደረገ ሽማግሌ ሲገባ ሁሉም ብድግ አሉ።

«ይቀመጡ አባቴ። ምን ልታዘዝ?»

«በመጀመሪያ ይህን ስጡልኝ» ብለው ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «የምታጠጡትን ሰምቻለሁ። አፌ አይደግመውም። እናንተም እናት ያላችሁ ልጆች ናችሁ።»

ሳጅን ደስታ ውሃውን አየ፤ ሽማግሌውን አየ።

«ለማን ነው?»

«ለመምህር ምንተስኖት አያሌው። ዋስ ልሆነው ነው የመጣሁ።»

ሳጅኑ ዋስ የሚለውን ሲሰማ ወደሚያውቀው ሥራ ገባ። ወረቀት ሳበ።

«መታወቂያ ይዘዋል?»

«ይዣለሁ።»

«ሥራዎ?»

«ድጓ አስተምራለሁ። ቤተ ልሔም።»

«ምንዎ ነው?»

ጥያቄው ቀላል ነበር፤ በየቀኑ የሚጠየቅ። መሪጌታ ግን ወገዳ እስኪደርሱ ድረስ መንገዱን ሁሉ ስለ ሁሉ ነገር ሲያስቡ ይህን አላሰቡትም። ምኔም አይደለም ካሉ ዋስነቱ ይቀራል። ዘመዴ ካሉ ውሸት ነው። የማውቀው ሰው ካሉም ውሸት ነው፤ ልጁን በዓይናቸው አይተውት አያውቁም። መልኩን ሳያዩ ስሙን ያጠፉበት ሰው ነው። ያ ሰው ግድግዳ ላይ ታስሮ ሲተኛ ታያቸው። ቀጥሎ ልጃቸው ታየቻቸው፤ «አንተ ግን ብርድ ነው፤ ጋቢ ደርብ» ያለችበት ድምፅ ተሰማቸው። በእንዲህ ያለ ድምፅ ለሰው ስትጨነቅ የሰሟት በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ነው፤ እሳቸው በወባ ተይዘው ሊሞቱ ሲሉ፣ ገና ትንሽ ሳለች።

«አባቴ፣ ምንዎ ነው ነው ያልኩት።»

«አማቼ ነው» አሉ መሪጌታ ቢሻው።

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው ደነገጡ። ድምፃቸው ደግሞ ማሕሌት የለመደ ነው፤ ቀስ ብሎ መናገር አያውቅም። አግዳሚው ሁሉ ሰማ።

«የኮከብ ቆጣሪው አማት ናቸው ለካ» አለች አንዷ።

«ኮከብ ቆጣሪ አይደለም» አሉ መሪጌታ ዞረው። «አስተማሪ ነው። ሒሳብ ነው የሚሠራው።»

ሳጅን ደስታ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«አባቴ፣ እኔ ዘንድ የታሰሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ በድንበር የተጣሉ ገበሬዎች። መምህር ምንተስኖት ልጄን ነው የሚያስተምራት። ጠዋት አልፎ ሲሄድ ሰላም ብሎኛል። አሁን ክፍል ውስጥ መሆን አለበት።»

«ሰባት ናቸው አልተባለም?»

«ማን አለ?»

ሳጅኑ ደወለለት። ምንተስኖት እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ ሳያራግፍ መጣ። በሩ ላይ ሽማግሌውን ሲያይ ማን እንደሆኑ ወዲያው አወቀ፤ ዓይናቸው የእድላዊት ዓይን ነው። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። መሪጌታም ያን ጊዜ መልኩን አዩት። ቀጭን፣ እንቅልፍ ያልጠገበ የሚመስል፣ እንደ ተማሪዎቻቸው ያለ ልጅ ነበር።

«አልታሰርክም?»

«አልታሰርኩም የኔታ። ምን አድርጌ?»

«ትናንት ማታ ከልጄ ጋር ስታወራ ጣቢያ አልነበርክም?»

 ነገሩ ምንተስኖትን ቀስ ብሎ ገባው፤ ፊቱ ሲቀላ አግዳሚው ላይ ያሉት ሁሉ አዩት።

«የኔታ… ጣቢያው ሰማይ ላይ ያለው ነው።»

«ሰባቱ ሰዎችስ?»

«እዚያ ናቸው።»

«ታስረው የሚተኙት?»

«እዚያ ሰው ክብደት የለውም። ካልታሰሩ ተኝተው ሲንሳፈፉ ያድራሉ።»

«ሽንቱስ?»

«እሱ እውነት ነው፤ ግን አጣርተው ንጹሕ ውሃ ያደርጉታል።»

ሳጅን ደስታ ይቅርታ ብሎ ወጣ። ከደጅ የሳቁ ድምፅ ተሰማ።

ምንተስኖት ግን አልሳቀም። ሽማግሌው ለእሱ ሲሉ ያን ሁሉ መንገድ መምጣታቸውን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለችውን ውሃ፣ የስንቁን ቋጠሮ ተራ በተራ አየ። አግዳሚው ላይ ያለች ሴት «አማቼ ነው ብለው ዋስ ሊሆኑህ ነበር» ስትለው ደግሞ እጁን የሚያደርግበት አጣ።

«የኔታ» አለ በመጨረሻ፣ «የተናገሩት ለታሰረ ሰው ነው። እኔ አልታሰርኩም። ሳያውቁ የወጣ ቃል ነውና አልይዝብዎትም። ለእድላዊትም አልነግራትም። በሰላም ይመለሱ።»

ይህን ሲል ምን እየጣለ እንደሆነ ያውቃል። ዓይኑን ግን ከሽማግሌው ላይ አላነሣም።

መሪጌታ ተቆጡ።

«ዝም በል። ይህን ያህል ጨዋ ሁን ማን አለህ? በኅዳር ሚካኤል በሰው ፊት ስምህን አጠፋሁ። ዛሬ በሰው ፊት አማቼ ነው አልኩ። ከሁለቱ አንዱን ማንሣት አለብኝ። የቱን ላንሣ?»

መልስ ግን አልጠበቁም። 

«የመጀመሪያውን አነሣለሁ» አሉ። «በተናገርኩበት አደባባይ፣ በእነዚያው ሰዎች ፊት። ሽማግሌዎችህን መልሰህ ላክ። እነዚያን ዝምተኞች ግን አትላክ፤ አፍ ያለው ሰው ፈልግ።»

«እሺ የኔታ።»

«በቅሎ ጠፋብኝ የሚል ሰው ሲመጣስ ምን ትለዋለህ?»

«አላውቅም እለዋለሁ።»

«ቢደጋግምብህስ?»

«እየደጋገምኩ አላውቅም እለዋለሁ።»

«እንዲያ ከሆነ እንብላ» ብለው ስንቁን ፈቱ። ሳጅን ደስታም ዓይኑን እየጠረገ ተመልሶ ከዳቦው ቆረሰ። ምንተስኖት አንድ ጉርሻ ከመሪጌታ እጅ ተቀበለ።

የዚያን ቀን የመልስ መኪና አልተገኘም። መሪጌታ ምንተስኖት ከተከራያት አንድ ክፍል ቤት ደጃፍ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ፀሐይ ከጠለቀች ትንሽ ቆይቷል። ስልኩ ጠራ። ምንተስኖት ስሙን አየና ሳያነሣው ለሽማግሌው ሰጣቸው።

እድላዊት ካቡን ተደግፋ ቆማለች። አባቷ ወዴት እንደሄዱ እናቷም አልነገሯት፤ እሳቸውም አያውቁትም። ቀኑን ሙሉ ስታስተምር ልቧ እዚያ አልነበረም።

«ወጣህ?» አለች።

«ወጥቷል» አለ የማሕሌት ድምፅ። «ዋሱ እኔ ነኝ።»

ስልኩን ከጆሮዋ አውርዳ ስሙን አየች። የምንተስኖት ነው። መልሳ ጆሮዋ ላይ አደረገችው።

«አባ? የት ነዎት?»

«አማቼ ቤት።»

ከወዲያ ሰው ሲስቅና ሲያለቅስ ባንድ ላይ ሰማች፤ የምንተስኖት መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ቆየባት።  ካቡ ሥር፣ ጤዛ በያዘው ሣር ላይ ቁጭ አለች።

«ምርቃቱን በስልክ አልሰጥም» አሉ አባቷ። «ሽማግሌው ሲመጣ በፊቱ እሰጣለሁ። አንቺ ግን ከብርድ ግቢ። ጋቢ ደርቢ።»

እናቷ ድምፅ ሰምተው ኩራዝ ይዘው ወጡ።

«ምን ሆንሽ? ማን ሞተ?»

እድላዊት ራሷን ነቀነቀች። እናቷን አንገታቸውን ይዛ ወደ ራሷ ሳበቻቸውና ነጠላቸው ውስጥ ፊቷን ደበቀች። ወይዘሮ ዘነበች ምክንያቱን ሳያውቁ ጀርባዋን ይዳብሱ ጀመር፤ የልጃቸው ትከሻ የሚንቀጠቀጠው በደስታ መሆኑን የተረዱት ግን ሳይነገራቸው ነው።

በዚያች ደቂቃ ያ ብርሃን ከጥዶቹ በላይ ወጣ፤ በቤቱ ላይ፣ በካቡ ላይ፣ በሁለቱ ሴቶች ላይ አለፈ፤ ወደ ስማዳ በኩል ሄደና ከሰመ። እድላዊት ቀና ብላ አላየችውም።